የክላይድ ባሮው ነው የተባለ ሽጉጥ፤ ሰባት ቤቱን እንዴት ልቁጠር?

ጋርላንድ_ነዋሪ · ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ነው የምኖረው። ሥራዬ አዛውንቶችን ቤታቸው እየሄድኩ መንከባከብ ነው። ላለፉት ሁለት ዓመታት አንዲት የ91 ዓመት ባልቴት ጋ እሠራለሁ። እማማ እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ለምደውታል።

ባለፈው ሳምንት ቁም ሣጥናቸውን ስናስተካክል አንድ አሮጌ የሲጋራ ሣጥን ወጣ። ውስጡ በፎጣ የተጠቀለለ ሽጉጥ አለ። ከሥሩ በታይፕ የተጻፈ ወረቀት ተቀምጧል። ወረቀቱ፣ ሽጉጡ በግንቦት 1934 ሉዊዚያና ውስጥ ከሽፍታው ከክላይድ ባሮው መኪና የተወሰደ ነው ይላል። የእማማ ባል ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ሽጉጡ የመጣው ከባላቸው አጎት ነው። አጎትየው በዚያን ዘመን እዚሁ አካባቢ ምክትል ሸሪፍ ነበሩ።

እማማ ሊሸጡት ይፈልጋሉ። የክላይድ ፍቅረኛ የቦኒ ፓርከር ሽጉጥ በጨረታ 264,000 ዶላር ማውጣቱን ሰምተዋል። የልጅ ልጃቸውን የኮሌጅ ዕዳ ልከፍልበት ነው እያሉ ደስ ብሏቸው ሰነበቱ። እኔ ደግሞ ፈራሁ። ወይ አንድ ብልጥ ነጋዴ በርካሽ ይወስድባቸዋል፣ ወይ ደግሞ ነገሩ ውሸት ሆኖ ያፍራሉ።

እኔ ያደግኩት ምንሽር ግድግዳ ላይ በተሰቀለበት ቤት ነው። ያ ጠመንጃ ከማን ወደ ማን እንደሄደ ቤተሰቡ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። የዚህን ግን ማን ያውቃል? የእንዲህ ያለ መሣሪያ ሰባት ቤት የሚቆጠረው እንዴት ነው? የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።


ብረት_ሠሪው · ሰኞ ማታ

እህቴ፣ ሌላውን ከመንገርሽ በፊት ሽጉጡን አትንኪው። 90 ዓመት የቆየ መሣሪያ ጎርሶ ሊሆን ይችላል። የሚያውቅ ሰው መጥቶ የጥይት ካርታውን ያውጣ፣ ጥይት የሚጎርስበትንም ክፍል ከፍቶ ይይ። እኔ ሚኒሶታ ውስጥ መሣሪያ ጠጋኝ ነኝ። ባዶ ነው ተብሎ የመጣልኝ ጥይት ይዞ ያገኘሁት ስንቴ መሰለሽ።

ሁለተኛ፣ እንዳታጸዱት። ዘይት አትቀቡት፣ ዝገቱን አትፈግፍጉ። ሰው በደግነት ይወለውለውና ምልክቱ ሁሉ ይጠፋል። የጭረቱ ቦታ፣ የእጀታው መበላት፣ የቆዳ ማኅደሩ የተወው ጥላ ሁሉ ምስክር ነው።

ሦስተኛ፣ አንቺም ሆንሽ ሌላ ሰው መሣሪያ ከመያዙ በፊት የመኖሪያ ፈቃዱን ይመልከት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ መያዝ ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ አይፈቀድለትም። "ለአሮጊቷ ላቆይላቸው" ብሎ ቤቱ ወስዶ ጣጣ ውስጥ የገባ አበሻ አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ መለያ ቁጥሩን ከነፊደሉ፣ ብረቱ ላይ ያለውንም ጽሑፍ ሁሉ አስነብቢና ንገሪን። ቁጥሩን ግን እዚህ በአደባባይ ሙሉውን አትጻፊው። የመጨረሻዎቹን ሦስት አሃዞች ሸፍኚ። ቁጥር ካየ በኋላ ታሪክ የሚፈጥር ሰው አይጠፋም።


መዝገብ_ቤት · ማክሰኞ ጠዋት

ልጄ፣ ጥያቄሽ ደስ አሰኝቶኛል። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የቤተ መዛግብት ሠራተኛ ነበርኩ። በዚህ ነገር ላይ ብዙ ሌሊት አንግቻለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰባት ቤት መቁጠር ያልሽው ልክ ነው። ቆጠራው ግን ከሁለቱም ጫፍ ይጀምራል። አንዱ ጫፍ ፋብሪካው ነው። ሌላው ጫፍ ዛሬ እማማ እጅ ያለው ሣጥን ነው። መሀል ላይ ዕቃውን ሽፍታው ጋ አይቶት፣ ከዚያ አንስቶ የወሰደው ሰው መገኘት አለበት። እዚያ ቦታ ላይ ስም ከሌለ የቀረው ሁሉ ወሬ ነው።

የጠቀስሽውን የቦኒን ሽጉጥ ተመልከቺ። ትንሽ ኮልት 38 ነው። መስከረም 2012 በኒው ሃምፕሸር ግዛት ናሹዋ ከተማ ተሸጠ። ከክላይድ ቀበቶ ሥር ወጣ የተባለው ኮልት 45 ደግሞ በዚያው ጨረታ 240,000 ዶላር አወጣ። ይህን ሁሉ ገንዘብ ያመጣው ብረቱ አይደለም። ተመሳሳዩን ኮልት በጥቂት ሺህ ዶላር ታገኛለሽ። ገንዘቡን ያመጣው ወረቀቱ ነው። ፍራንክ ሄመር ቦኒና ክላይድ የተገደሉበትን የስድስት ፖሊሶች ደፈጣ የመራው ሰው ነው። የሄመር ልጅ በ1979 በቃለ መሃላ የተረጋገጠ ደብዳቤ ጽፏል። አባቴ ይህንን ሽጉጥ የቦኒ ጭን ላይ በነጭ የሕክምና ፕላስተር ተለጥፎ አገኘው ይላል። ቦታው፣ ሁኔታው፣ የወሰደው ሰው ሁሉም አለ። ደብዳቤው የተጻፈው ከ45 ዓመት በኋላ መሆኑ ድክመት ነው። ሆኖም ሰንሰለቱ ከቦታው እስከ ጨረታው አልተበጠሰም።

ሄመር መሣሪያዎቹን እንዴት ቤቱ ወሰደ ብትይኝ፣ ሥራውን ሲቀበል የተገባለት ቃል ነበር። ደመወዙ ትንሽ ስለሆነ ከመኪናው የሚገኘውን እንዲወስድ ተፈቀደለት። የቴክሳስ ወህኒ ቤቶች ኃላፊ ሊ ሲመንስ ነበሩ ያንን ያዘጋጁት። በዚያ መኪና ውስጥ 3 ባር አውቶማቲክ ጠመንጃ፣ አፈሙዛቸው የተቆረጠ ሾትጋኖች፣ በርካታ ሽጉጦች፣ በሺዎች የሚቆጠር ጥይትና 15 የመኪና ታርጋ ተገኝቷል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሁልጊዜ ልቤን ስለሚነካኝ ነው። የክላይድ እናት ለሄመር ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ልጄ በነፍስ ግድያ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛ አልተባለም፣ መሣሪያዎቹን መልስልኝ ብለው። መልስ አላገኙም። ያ ደብዳቤ ዛሬ ለተመራማሪ ትልቅ ማስረጃ ነው። መሣሪያዎቹ የት እንደገቡ በወቅቱ ቤተሰቡም ያውቅ እንደነበር ያሳያል።

አሁን ሦስት ጥያቄ አለኝ። አጎትየው ከስድስቱ ደፋጮች አንዱ ነበሩ? ወረቀቱ ፊርማ አለው? ከላይ የታተመ አድራሻ አለው?


ጋርላንድ_ነዋሪ · ማክሰኞ ማታ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብረት ሠሪው እንዳለው አደረግኩ። የልጅ ልጃቸው አንድ የሚያውቅ ሰው ይዞ መጣ፤ ሽጉጡ ባዶ ነው። ቁጥሩ ፊት ላይ የላቲን "ሲ" ፊደል አለው። ኮልት 45 አውቶማቲክ ነው አለን።

አጎትየው ከስድስቱ አንዱ አልነበሩም። ስማቸው ስድስቱ ውስጥ የለም። ወረቀቱ ፊርማ አለው፣ የማን እንደሆነ ግን አይነበብም። ከላይ የአንድ መሣሪያ ሱቅ ስምና አድራሻ ታትሞበታል። ሱቁ ዳላስ ነው። ከከተማው ስም ቀጥሎ አምስት አሃዝ ያለው ቁጥር አለ። ስልክ ይሁን ምን አላውቅም።


መዝገብ_ቤት · ማክሰኞ ማታ

አምስት አሃዝ ያለው ቁጥር ዚፕ ኮድ፣ የፖስታ አድራሻ መለያ ቁጥር ነው ልጄ። አሜሪካ ዚፕ ኮድ የጀመረችው በ1963 ነው። ስለዚህ ያ ወረቀት በ1934 አልተጻፈም። ቢያንስ ከ29 ዓመት በኋላ የተጻፈ ነው።

ተስፋ አትቁረጡ ግን። አጎትየው ወይም ወራሾቻቸው ኋላ ላይ ሱቅ ሄደው ታሪኩን አስጽፈውት ይሆናል። ቅጥፈት ላይሆን ይችላል። ብቻ ወረቀቱ የዓይን ምስክር መሆኑ ቀረ፤ የሰማ ሰው ቃል ሆነ ማለት ነው።

እግረ መንገዴን ለሌሎችም ይጠቅም። ኤፍቢአይ በዚያ ስሙ መጠራት የጀመረው በ1935 ነው። ባንክ ዘራፊው ዲሊንጀር ሲገደል በ1934 መሥሪያ ቤቱ ሌላ ስም ነበረው። ስለዚህ በኤፍቢአይ ስም የታተመ የ1934 ደብዳቤ ካያችሁ ቆም በሉ። እስክሪብቶም ይናገራል። ባለ ኳስ እስክሪብቶ አሜሪካ ገበያ ላይ የወጣው በ1945 ነው። መሣሪያውም ራሱ ይናገራል። 357 ማግነም የሚባለው ጥይትና ሽጉጡ የወጡት በ1935 ነው። ክላይድ በግንቦት 23፣ 1934 ሞቷል። "የክላይድ 357" የሚባል ነገር ሊኖር አይችልም።


ሚሚ_ቺካጎ · ረቡዕ

ጋሼ፣ ስለ ዲሊንጀር ካነሡ አይቀር ከከተማዬ ልጨምር። ዲሊንጀር ሐምሌ 22፣ 1934 ባዮግራፍ ሲኒማ አጠገብ ሲገደል የነበረው ነው ተብሎ አንድ ኮልት 380 ለብዙ ዓመት በኤፍቢአይ ዋና መሥሪያ ቤት ይታይ ነበር። በኋላ ቁጥሩን የተከታተሉ ሰዎች ሽጉጡ ከፋብሪካ የወጣው ዲሊንጀር ከሞተ ከወራት በኋላ ነው ብለው ተከራከሩ። መንግሥት ራሱ ያሳየው ዕቃ እንዲህ ክርክር ከተነሣበት፣ የግለሰብ ቤት ውስጥ የተገኘውማ እንዴት አይፈተሽ!

በእኔ እምነት በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ሰንሰለታቸው በጣም የጠነከረው ሁለት ቶምሰን መትረየሶች ናቸው። በየካቲት 14፣ 1929 እዚህ ቺካጎ ሰባት ሰው ጋራዥ ውስጥ ተረሸነ። ከመሬቱ ላይ 70 የ45 ቀለህ ተለቀመ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ፍሬድ በርክ የሚባል ወንበዴ ሚሺጋን፣ ሴንት ጆሴፍ ውስጥ መኪና አጋጨ። ነገሩን ሊያጣራ የመጣውን ወጣት ፖሊስ ቻርልስ ስኬሊን ገደለው። ቤቱ ሲፈተሽ ሁለቱ ቶምሰኖች ተገኙ።

ካልቪን ጎዳርድ የሚባል ባለሙያ መትረየሶቹን እንደገና ተኩሶ ጥይቶቹን በማነጻጸሪያ ማይክሮስኮፕ ጎን ለጎን አያቸው። አፈሙዙ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ጥርስ በእያንዳንዱ ጥይት ላይ የራሱን ጭረት ይተዋል። ቀለሁም ላይ የመምቻው ምልክት ይቀራል። ገጠሙ። እነዚያ መትረየሶች ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፖሊስ እጅ አልወጡም። ዛሬም የበሪየን ካውንቲ ሸሪፍ ቢሮ ንብረት ናቸው። ለዚህ ነው ማንም የማይጠራጠራቸው። ስለነሱ የቤተሰብ ወሬ አያስፈልግም፤ ከወንጀሉ ቦታ የተነሣ ጥይትና ቀለህ አለ።


የቃኘው_ልጅ · ረቡዕ ማታ

ወንድሜ መዝገብ ቤት፣ ባር የሚለውን ቃል ሳይ አባቴ ትዝ አለኝ። ቃኘው ሻለቃ ውስጥ ኮሪያ ዘምቷል። የኛ ልጆች የታጠቁት የአሜሪካን መሣሪያ ነበር፤ ባርም ከዚያ ውስጥ ነው። 9 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ካርታው 20 ጥይት ይጎርሳል፤ አባቴ ትከሻውን እያሸ ይነግረን ነበር። እንዲህ ያለውን የጦር መሣሪያ ክላይድ ባሮው አፈሙዙን ቆርጦ መኪና ውስጥ ይዞት ይዞር እንደነበር ሳነብ በጣም ገረመኝ። ከየት አገኘው ብትሉ፣ ከናሽናል ጋርድ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ሰርቆ ነው።

ይህ ለጥያቄው ይጠቅማል መሰለኝ። የሠራዊት ዕቃ ከተሰረቀ ግምጃ ቤቱ የጎደለውን ቁጥር ጽፎ ለበላይ ማሳወቅ አለበት። ያ ዝርዝር ከተገኘ ግማሹ ሥራ አለቀ።


መዝገብ_ቤት · ረቡዕ ማታ

ሻምበልም ይሁኑ ሻለቃ፣ አባትዎን ነፍስ ይማር። ልክ ነዎት። የተዘረፈ ቦታ ሁሉ መዝገብ አለው፤ ብዙ ሰው ግን እዚያ አይፈልግም። ሁሉም የሚሮጠው ስለ ሽፍታው የተጻፈው ጋ ነው።

የዲሊንጀር ቡድን በጥቅምት 1933 ኢንዲያና ውስጥ የኦበርንን ከዚያም የፔሩን ፖሊስ ጣቢያ ዘርፏል። መሣሪያው አስቀድሞ በከተማው ገንዘብ የተገዛ ነው፤ ደረሰኝ አለ። ሲዘረፍ ፖሊስ ዝርዝር አውጥቷል። ቡድኑ ጥር 1934 ቱክሰን፣ አሪዞና ውስጥ ሲያዝ ደግሞ እዚያ ያለው ፖሊስ የተያዘውን መዝግቧል። አንድ ቁጥር ሦስት መዝገብ ላይ ሲገኝ ደስታው ሌላ ነው። ዲሊንጀር ቱክሰን ሲያዝ ካልሲው ውስጥ ነበረ የተባለ ትንሽዬ ሬሚንግተን ደሪንጀር ሽጉጥ በ2009 ዳላስ ውስጥ 95,600 ዶላር ተሸጧል። ካልሲ ውስጥ የሚገባ ብረት!

ቶምሰን መትረየስም ቢሆን እንደዚያው ነው። ኮልት ፋብሪካ በ1921 እና በ1922 የሠራው 15,000 ያህል ብቻ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ እያንዳንዱ ለማን እንደተሸጠ መከታተል ተችሏል። የወንበዴው የማሽንገን ኬሊ ባለቤት ካትሪን ለባሏ የገዛችለት ቶምሰን ከፎርት ወርዝ ነው የመጣው፤ ዕቃ በመያዣ ከሚያበድር ሱቅ። ያንቺ ሰፈር ማለት ይቻላል፣ ልጄ።

ሳን አንቶኒዮ ውስጥ ደግሞ ሃይማን ሌብማን የሚባል መሣሪያ ሠሪ ነበር። ኮልት ሽጉጥን አሻሽሎ እንደ መትረየስ በተከታታይ የሚተኩስ ያደርገዋል። የዲሊንጀር ግብረ አበር ቤቢ ፌስ ኔልሰን ሚያዝያ 22፣ 1934 ዊስኮንሲን ውስጥ የፌዴራል ወኪል ካርተር ባውምን የገደለው በእንዲህ ያለ ሽጉጥ ነው። መርማሪዎቹ ቁጥር ተከትለው ሌብማን ሱቅ ደረሱ።


ብረት_ሠሪው · ሐሙስ

ቁጥሩ የተፋቀስ እንደሆነ ብላችሁ በግል የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ቁጥር ሲመታ ብረቱን ከላይ ብቻ አይደለም የሚወጋው፤ ከሥሩ ያለውንም ይጨምቀዋል። ሽፍታው በሞረድ ሲፍቀው የላዩ ይጠፋል፣ የተጨመቀው ግን ይቀራል። የላብራቶሪ ባለሙያ ቦታውን አለስልሶ አሲድ ሲቀባበት ቁጥሩ እንደ ጥላ ብቅ ይላል። ቤታችሁ እንዳትሞክሩት፤ አንዴ ከተበላሸ አይመለስም።

ደግሞ ቁጥሩ ሆን ተብሎ የተፋቀ መሣሪያ መያዝ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። ከመጀመሪያውም ቁጥር ያልተመታበት ርካሽ የድሮ ጠመንጃ ሌላ ነገር ነው። በሁሉም ላይ ቁጥር እንዲኖር የተገደደው በ1968 ነው።

መትረየስ ጣሪያ ሥር ያገኘ ሰው ካለ ጠበቃ ሳያማክር እንዳይንቀሳቀስ። ከ1934 ጀምሮ መመዝገብ አለበት፣ ለዝውውሩም 200 ዶላር ግብር ተጣለ። ያኔ የአንድ ቶምሰን ዋጋ ያህል ነው። ያልተመዘገበውን ለማስመዝገብ በ1968 የ30 ቀን ምሕረት ተሰጠ። ያ ጊዜ አለፈ። ዛሬ ያልተመዘገበ መትረየስ የዲሊንጀር ይሁን የማንም ግለሰብ ሊይዘው አይችልም።

ጋርላንድ እህቴ፣ ያንቺ ሽጉጥ ግን እንዲህ ያለ ችግር የለበትም። ቁጥሩ ፊት ያለው "ሲ" ለሲቪል ገበያ የተሠራ መሆኑን ነው የሚያሳየው። የሠራዊቱ ቢሆን "የዩናይትድ ስቴትስ ንብረት" የሚል ጽሑፍ ይኖረው ነበር። ኮልት የቆየ መዝገብ አለው። ክፍያ አለው፣ ጊዜም ይወስዳል፤ ግን ሽጉጡ መቼ እንደወጣ፣ ለማን እንደተላከ፣ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው የሚገልጽ ደብዳቤ ይልካሉ። ያንን ጠይቁ።


አዲስ_ገቢ · ሐሙስ ማታ

ይቅርታ፣ ላስከፋ ፈልጌ አይደለም። ግን ይህን ሁሉ ሳነብ ከበደኝ። እነዚህ ሰዎች ነፍሰ ገዳዮች ናቸው። የገደሉበትን ብረት በሩብ ሚሊዮን ዶላር መሸጥና መግዛት ምን ይባላል? እኛስ ለምን እንረዳለን?


ጋርላንድ_ነዋሪ · ሐሙስ ሌሊት

ወንድሜ፣ አልከፋኝም። እኔንም ከብዶኛል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ግሬፕቫይን አካባቢ ሄድኩ። ከዚህ ሩቅ አይደለም። ሚያዝያ 1፣ 1934፣ የፈረንጆች ፋሲካ ዕለት፣ የባሮው ቡድን ሁለት የሞተር ብስክሌት የመንገድ ፖሊሶች እዚያ ገደለ። ኤድዋርድ ዊለርና ኤች ዲ መርፊ ይባላሉ። መርፊ ሊያገባ ቀን ቆርጦ ነበር። እጮኛው ለቀብሩ የሠርግ ልብሷን ለብሳ መጣች። መታሰቢያቸው የድንጋይ ሐውልት ነው። ስማቸውን ጮክ ብዬ አነበብኩት።

ለእማማም ነገርኳቸው። እሳቸው ያኔ ገና አልተወለዱም፣ ግን እናታቸው ቀብሩን ያስታውሱ ነበር።


መዝገብ_ቤት · ዓርብ

አዲስ ገቢ፣ ጥያቄህን አከብራለሁ። የኔን መልስ ልንገርህ። ሚያዝያ 13፣ 1933 ጆፕሊን፣ ሚዙሪ ውስጥ ፖሊስ የባሮውን ቡድን መደበቂያ ከበበ። ዌስ ሃሪማንና ሃሪ ማክጊኒስ ሞቱ። ቡድኑ ጥሎት ከሄደው ውስጥ ያልታጠበ ፊልም ነበረ። ቦኒ ሲጋር ነክሳ ሽጉጥ የያዘችበት ፎቶ ከዚያ ነው የወጣው። ዓለም ያንን ፎቶ ያውቀዋል። የሃሪማንን ስም የሚያውቅ ስንት ነው?

ከዚያው ቤት የወጣ ቶምሰንና ዊንቸስተር ሾትጋን ጥር 2012 ካንሳስ ሲቲ ላይ ለጨረታ ቀረቡ። ቶምሰኑ 130,000፣ ሾትጋኑ 80,000 ዶላር ተሸጡ። ትክክለኛ ናቸው የተባለው ከተያዙበት ቀን ጀምሮ ሰንሰለታቸው ፖሊሶች ስለነበሩና ኋላም የአንድ ፖሊስ ዘሮች ስላቆዩዋቸው ነው። ሰንሰለቱን ስትከታተል የግድ ሃሪማንና ማክጊኒስ ጋ ትደርሳለህ። መዝገቡ ውስጥ ስማቸው መጀመሪያ ላይ ነው ያለው። የሐሰት ዕቃ ግን ሟች የለውም። ፎቶና ዋጋ ብቻ ነው ያለው። እኔ ከውሸቱ ጋር የምጣላው ለዚህ ነው።

ለጋርላንድ ልጄ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥሽ። ደፈጣው ቦታ ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ ዕቃ ሲቀራመት ነበር። የቦኒን ጸጉርና ቀሚስ ቆርጠዋል። አንድ ሰው የክላይድን ጆሮ ሊቆርጥ ሲል ተከልክሏል። ስለዚህ "በዚያን ቀን የተወሰደ" የሚል ወሬ ያለው ቤት በየቦታው አለ። የሞቱባት መኪና ራሷ ሐሰተኛ አምሳያ ወጥቶላት በየገበያው ስትታይ ነበር። አጎትየው ከስድስቱ አንዱ ካልነበሩ፣ ማን እንደሰጣቸው የሚያሳይ ነገር ያስፈልጋል። የቤተሰብ አልበም ፈልጉ። የካውንቲ የሥራ ማስረጃ፣ ፎቶ፣ የደመወዝ ደረሰኝ፣ የተገኘው ሁሉ። ፎቶ ከተገኘ ጀርባውን አንብቡ።


ሚሚ_ቺካጎ · ዓርብ

ስለ ፎቶ ጋሼ ያሉት እውነት ነው። ዲሊንጀር በሚያዝያ 1934 ሙርስቪል አባቱ ቤት የተነሣው ፎቶ አለ። በአንድ እጁ ቶምሰን፣ በሌላው ከክራውን ፖይንት እስር ቤት ያመለጠበትን የእንጨት ሽጉጥ ይዟል። "የዲሊንጀር የእንጨት ሽጉጥ" ነው የሚባሉት ከአንድ በላይ ናቸው። ማንኛውም ከዚያ ፎቶ ጋር ነው የሚተያየው።


ጋርላንድ_ነዋሪ · ከሰባት ሳምንት በኋላ

ወገኖቼ፣ ዘግይቼ ይቅርታ። የኮልት ደብዳቤ መጣ።

ሽጉጡ ከሃርትፎርድ ፋብሪካ የወጣው በጥቅምት 1935 ነው። የተላከው ዳላስ ውስጥ ወዳለ የብረታ ብረት ዕቃ መደብር ነው። ክላይድ ከሞተ ከ17 ወር በኋላ ማለት ነው።

ጋሼ እንዳሉት አልበሙንም አገላበጥን። የልጅ ልጃቸው አንድ ፎቶ አገኘ። አጎትየው ኮፍያ አድርገው፣ ቀበቶአቸው ላይ የቆዳ ማኅደር ታጥቀው ቆመዋል። ከማኅደሩ የሽጉጡ እጀታ ብቅ ብሏል። ከጀርባው በእርሳስ "ሴንቴኒያል፣ ዳላስ፣ 1936" ተጽፏል። በዚያ ዓመት ቴክሳስ 100ኛ ዓመቷን ስታከብር እዚህ ትልቅ ኤግዚቢሽን ነበር። አጎትየው እዚያ ጥበቃ ላይ ተመድበው ነበር። ብረት ሠሪው፣ ፎቶውን በግል ልኬልሃለሁ። እጀታው ላይ ያለውን ስንጥቅ እይልኝ።


ብረት_ሠሪው · በዚያው ቀን

አየሁት። የግራው እንጨት ላይ፣ ከብሎኑ በታች ወደ ኋላ የሄደው ስንጥቅ ሁለቱም ጋ አለ። ቅርጹም ርዝመቱም አንድ ነው። ፎቶው ላይ ያለው ሽጉጥ ይህ ራሱ ነው ብዬ አምናለሁ።


መዝገብ_ቤት · በዚያው ቀን

እንግዲህ ሰንሰለቱ ሞላ ልጄ። ፋብሪካ፣ መደብር፣ አጎት፣ ወንድም ልጅ፣ እማማ። አንድም ቀለበት አልጎደለም። ክላይድ የሚለው ስም ከ1963 በኋላ የመጣ ነው። ለእማማ እንዴት ነገርሻቸው?


ጋርላንድ_ነዋሪ · በዚያው ማታ

ቡና አፍልቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ደብዳቤውን ቀስ ብዬ አነበብኩላቸው። ይከፋቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሁለተኛ አንብቢልኝ አሉኝ። አነበብኩ። ፎቶውን ጭናቸው ላይ አድርገው ብዙ አዩት።

"ታዲያ የራሳቸው ነበር ማለት ነው" አሉ። "የሌባ አልነበረም።"

ልሽጠው ማለቱን ትተዋል። ለልጅ ልጃቸው ይሰጡታል። የኮልትን ደብዳቤና ፎቶውን በአንድ ፖስታ አድርጌ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጥኩ። ያንን የታይፕ ወረቀት ልቅደደው ወይ ስላቸው እምቢ አሉ። እሱም አብሮ ይቀመጥ አሉኝ፤ ጀርባው ላይ ግን ምን እንደሆነ ጻፊበት አሉኝ። በእርሳስ ጻፍኩበት፤ ቀኑንም ጨመርኩ።